በቅሎም በጥርሷ፥ ጎማም በጥርሱ

አባቶቻችን በቅሎ ለመግዛት ገበያ ሲወጡ የኮርቻውን ጌጥ ብቻ አይተው ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው አይፈቱም ነበር። አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ፤ እግሯን አንሥተው ኮቴዋን ይመረምራሉ፤ ዳገትና ቁልቁለት አስኪደውም አረማመዷን ይፈትናሉ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ ሰውን የሚያድነው ኮርቻው ሳይሆን ኮቴው ነው። የዛሬ ሰው ግን አውቶሞቢል ሲገዛ ቀለሙን ያደንቃል፤ ወንበሩን ይዳስሳል፤ ራዲዮኑን ከፍቶ ያዳምጣል፤ ጎንበስ ብሎ ኮቴውን ማየት ግን ይከብደዋል። የአውቶሞቢል ኮቴው ጎማው ነው። ጎማም እንደ በቅሎ ጥርስ አለው፤ ጥርሱም ዕድሜውን ይናገራል።

ዛሬ እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ጎማ አመራረጥ እንነጋገር። «እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ አውቶሞቢል የለኝም» ወይም «ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለቀለብ እንኳ አልበቃኝ፤ ስለ ጎማ ምን አገባኝ?» ብለህ ገጹን እንዳትገልጠው። አንደኛ፥ ነገ ከነገ ወዲያ ዕቁብ ወጥቶልህ፥ ወይም ከወንድምህ ጋራ ገንዘብ አዋጥተህ አንድ ያገለገለች ቪትዝ ትገዛ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ባትገዛም በሚኒባስና በአውቶቡስ መሳፈርህ አይቀርም። እያንዳንዱ የትንሽ አውቶሞቢል ጎማ መሬቱን የሚነካው በአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ብቻ መሆኑን ታውቃለህን? ፍሬኑ ቢጠነክር፥ መሪው ቢቀና፥ ሞተሩ ቢበረታ፥ ይህ ሁሉ ኃይል ወደ መንገዱ የሚደርሰው በእነዚያ አራት መዳፎች ነው። መዳፉ ከለቀቀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

እኔ በማስተምርበት በደባርቅ አካባቢ ይህ ነገር የወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፥ በገደብዬና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። አስፋልት ሲባል ግን ቀልብን የሚያሳርፍ መንገድ ነው ማለት አይደለም። በክረምት ጉም ይወርድበታል፤ በገበያ ቀን አህያውና በጉ፥ ሰውና ጋሪው አንድ ላይ ይሞሉበታል፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችም እየተሯሯጡ ይሻገሩታል። ከደባርቅ ወዲያ ደግሞ ሊማሊሞ አለ። ጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በወረራው ዘመን አሥመራን ከጎንደር ለማገናኘት ገደሉን እየፈለጡ ያወጡት ጠመዝማዛ መንገድ ይህ ነው። በአፋፉ ላይ ባለው በወልከፊት መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ከብዙ ውጊያ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነበር። ጦር ሠራዊትን ያስቸገረ ገደል ጎማን ቢያስቸግር ምን ይደንቃል? በሌላው በኩል፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ፥ ወደ ሳንቃበርና ወደ ቧሂት የሚወጣው መንገድ አለ፤ በዚያ ኮረቱና ቅዝቃዜው የየራሳቸውን ፈተና ይጨምራሉ።

እንግዲህ በዚህ አገር ለሚነዳ ሰው የትኛው ጎማ ይሻላል? በዘመናችን ጎልማሶች ዘንድ አንድ ፈሊጥ አለ። ያረጀው ጎማ ሲለወጥ «ስፖርት ጎማ ይሁንልኝ» ይባላል፤ ሰፊ፥ ዝቅ ያለ፥ ከሚያብረቀርቅ ትልቅ ቸርኬ ጋራ። በእውነት ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ከማማሩ በፊት ጽሕፈቱን ማንበብ ይገባል፤ ጎማ የራሱን ጠባይ በጎኑ ላይ ጽፎ የሚዞር ዕቃ ነውና።

በጎኑ ላይ 195/65 አር 15 91 ኤች የሚል ብታገኝ እንዲህ አንብበው። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ይነግርሃል። አር የተባለው ፊደል የአሠራሩን ዓይነት፥ 15 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። 91 የክብደት ቁጥር ነው፤ ይኸውም ያ አንድ ጎማ 615 ኪሎ መሸከም ይችላል ማለት ነው። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነት ልክ ነው፤ ኤስ 180፥ ኤች 210፥ ቪ 240፥ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

አሁን እርሳስህን አንሣና ሒሳቡን ሥራ። የ195 ሚሊ ሜትር 65 በመቶ 127 ያህል ይሆናል፤ በቸርኬውና በመንገዱ መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል ትራስ አለ ማለት ነው። በብዙ ቪትዞች ላይ የሚገኘው 165/70 ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ትራስ አለው። ስፖርት የሚባለው 225/40 ግን፥ ስፋቱ ብዙ ሆኖ ሳለ፥ ትራሱ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በለስላሳ መንገድ ይህ ማጠሩ ጥቅም አለው፤ ጎኑ ስለማይወዛወዝ መሪው ቶሎ ይታዘዛል። በኮረትና በጉድጓድ ላይ ሲሆን ግን ድንጋዩ ጎማውን በቸርኬው ላይ ይጨፈልቀዋል፤ የጎማው ጎን ይቆረጣል፤ ቸርኬውም ይጣመማል። ፊደሉንም ተመልከት። 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሮጥ የሚችል ጎማ በገበያ ቀን ዳባት መካከል ምን ይሠራል?

ሌላም ነገር አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፥ አየር በራሱ ብቻ የሚስብ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ይጎድልበታል። ባሕር ዳርቻ ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የነበረው ስፖርት አውቶሞቢል እዚህ 150 ያህል ይዞ ይደርሳል። ለሌለ ጉልበት የሚሆን ጎማ መግዛት ላልተወለደ ልጅ ጫማ እንደ መግዛት ነው። ከዚህም ጋራ ለበጋ ሙቀት የሚሠራው የስፖርት ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደርቅና መያዙን ይቀንሳል። የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት በደባርቅ ያሳለፈ፥ ይልቁንም በሳንቃበር ንጋት ላይ በረዶ የነካውን ሣር የረገጠ ሰው፥ 7 ዲግሪ እንዴት ቅርብ እንደ ሆነች ያውቃል።

ይህን ስል ስፖርት ጎማን መንቀፌ አይደለም። በደረቅና በሞቀ አስፋልት ላይ ከእርሱ የሚሻል የለም፤ በአጭር ርቀት ያቆማል፤ በኩርባም አጥብቆ ይይዛል። ነቀፋው ያለ ቦታው ሲገኝ ነው። ስፖርት አውቶሞቢልን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር አስብ። በዚያ ጭቃና አቧራ ዳትሰን 240 ዜድ የተባለው ስፖርት አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. በ1971ና በ1973 አሸንፏል፤ ያሸነፈው ግን በእሽቅድምድም ሜዳ ለስላሳ ጎማ አልነበረም። ከዚያም በፊት በ1953፥ በ1954፥ በ1957ና በ1962 ያሸነፈችው የምናውቃት ቮልስ ናት፤ ጠባብ ጎማዋንና ደንዳና አካሏን ይዛ። ውድድሩን የሚያሸንፈው ለመንገዱ የተዘጋጀ እንጂ የተዋበ አይደለም።

አበው «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ይላሉ። በስሜን ገደል ላይ ጭላዳው እንዴት ተንጠልጥሎ እንደሚውል ላየ ሰው ግን ምርጫው መልክ ላይ እንዳልሆነ ይገባዋል። የዋልያን ኮቴ ደግሞ አስተውል፤ ዳሩ ጠንካራ፥ መካከሉ ለስለስ ያለ ነው፤ በዳሩ ድንጋዩን ይቆነጥጣል፥ በመካከሉ ይለጠፋል። ጥሩ ጎማም እንደዚሁ ነው። በጣም የጠነከረ ላስቲክ ብዙ ዘመን ይቆያል፥ ነገር ግን በዝናብ ያንሸራትታል፤ በጣም የለሰለሰው አጥብቆ ይይዛል፥ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። መካከለኛውን መፈለግ የጥበብ መጀመሪያ ነው።

ስለሆነም ጎማ ለመግዛት ስትሄድ እነዚህን ነገሮች በቅደም ተከተል ተመልከት።

መጀመሪያ ልኩን ነው። የአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ያዘዘው ልክና የአየር መጠን በነጂው በር መቃን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የክብደት ቁጥሩ ከታዘዘው እንዳያንስ ተጠንቀቅ። ይህ በተለይ ለሚኒባስ ነው። ለሚኒባስና ለጭነት የሚሠሩት ጎማዎች ሲ የሚል ፊደል አለባቸው፤ ጎናቸውም ለሸክም የጠነከረ ነው። ለቤት አውቶሞቢል የተሠራውን ጎማ «ቸርኬው ላይ ልክ ገባ» ብሎ ሰው በሚጭን ሚኒባስ ላይ መግጠም፥ የአህያን ጭነት በውርንጭላ ላይ መጫን ነው።

ሁለተኛ አሠራሩን ነው። ነጂዎቻችን «ናይሎን» እና «ሽቦ» የሚሏቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። የናይሎኑ ጎማ ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ ይችላል፤ ነገር ግን በሩጫ ቶሎ ይግላል። የሽቦው፥ ማለት ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ፈቃድ ያወጣበት ራዲያል፥ ከመርገጫው በታች የብረት ሽቦ መታጠቂያ አለው፤ ሙቀቱ ያነሰ፥ ዕድሜው የረዘመ፥ አያያዙም የተሻለ ነው። ለአስፋልት ሽቦው ይመረጣል። በአንድ አክስል ላይ ግን በቀኝ ናይሎን፥ በግራ ሽቦ መግጠም ፈጽሞ አይገባም፤ በፍሬን ጊዜ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ይጎትታል።

ሦስተኛ የተሠራበትን ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ታገኛለህ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጎማ ባይሠራበትም ያረጃል፤ ፀሐይና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል። ከሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቆልሎ ዓመታት የከረመ ጎማ «አዲስ ነው፤ መሬት አልነካም» ቢሉህ አትታለል፤ ጎኑን እጠፍ አድርገህ የተሰነጣጠቀ መሥመር ፈልግ።

አራተኛ ጥርሱን ነው። ይህን ለመለካት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። የአዲስ ትንሽ ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጥርስ መንዳት ክልክል ነው፤ ማስመሪያ ባይኖርህም በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ እብጠቶች አሉና ጥርሱ ከእነርሱ ጋራ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። በእኛ የክረምት ዝናብ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። የጥርስ ተግባር ውሃን ማስወጣት ነው፤ ቦዩ ካለቀ ውሃው ከጎማው በታች ይገባና አውቶሞቢሉን እንደ ጀልባ ያንሳፍፈዋል፤ ያን ጊዜ መሪውን ብታዞር የሚታዘዝ የለም። ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ለፓርኩ ላንድክሩዘር ይስማማል፤ ቀኑን ሙሉ በጎንደር አስፋልት ለሚመላለስ ግን ይጮኻል፥ ለመቆምም ረዘም ያለ ቦታ ይፈልጋል።

አምስተኛ፥ ገንዘብ አጥሮህ ያገለገለ ጎማ የምትገዛ እንደ ሆነ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እይ። ጎኑ ላይ ያበጠ ካለ የውስጡ ክር ተበጥሷልና ተወው። ያለቀ የትንሽ አውቶሞቢል ጎማ በቢላዋ ተፈልፍሎ አዲስ ጥርስ የተበጀለት ከሆነ ደግሞ በነጻም ቢሰጡህ አትቀበል፤ የተፈለፈለው የጎማው ሥጋ ነው።

ሁለት ብቻ ለመለወጥ የሚያስገድድህ ጊዜ ብዙ ነው። አዲሶቹ የት ይግቡ? ብዙ ሰው «ከፊት» ይላል። ነገር ግን የጎማ አዋቂዎች ምክር ከኋላ ይሁኑ የሚል ነው። የፊቱ ቢያንሸራትት አውቶሞቢሉ ወደ ፊት ይቀጥላል፤ ፍጥነትህን ስትቀንስ ይመለስልሃል። የኋላው ቢያንሸራትት ግን አውቶሞቢሉ በራሱ ላይ ይዞራል፤ በሊማሊሞ ኩርባ ላይ የዞረ አውቶሞቢል ወዴት እንደሚሄድ መናገር አያስፈልግም።

የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ ይህን አስቡ። የጎማ መለኪያ የሚያሳየው በውስጥ ባለው ግፊትና በውጭ ባለው የአየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በደባርቅ ብርድ 32 ፒ ኤስ አይ ሞልተህ 1,500 ሜትር ያህል ወደ ቆላ ብትወርድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ሁለት ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን የቆላው ሙቀት ይመጣና በየ10 ዲግሪው አንድ ተኩል ያህል ይጨምርበታል። አንዱ ሌላውን ያካክሳል ማለት ነው። ስለዚህ ከቁልቁለት ወርደህ ጎማው በጋለ ጊዜ «አየሩ በዝቷል» ብለህ አታስተንፍስ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ባዶ ይሆንብሃል። አየር የሚለካው ጠዋት፥ ጎማው ሳይግል ነው። አየር ያነሰው ጎማ ዳርና ዳሩ ያልቃል፤ የበዛበት መካከሉ ያልቃል፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚያልቅ ከሆነ አላይመንት አሠራ።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ጎማ ተአምር ይሠራል ብለህ ግን አትመን። ፍጥነትህን ከ40 ወደ 80 ብታሳድግ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ቁልቁለት ስትወርድ ዝቅተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ይያዝልህ፤ ፍሬን ሁልጊዜ ከተረገጠ ይግላል፥ የጋለ ፍሬንም ይከዳል። በዚያ ጊዜ አዲስ ጎማም አያድንም።

«ይህ ሁሉ ከየት በመጣ ገንዘብ?» ትለኝ ይሆናል። እንቆቅልሹን ፍታው፦ አንዱ ጎማ ዋጋው ሁለት እጥፍ ሆኖ ዕድሜው ሦስት እጥፍ ቢሆን ርካሹ የትኛው ነው? ጎማ በዋጋው ሳይሆን ዋጋውን ለሚሄደው ኪሎ ሜትር በማካፈል ይመዘናል። ጎማው ሳያልቅ አስቀድመህ በየወሩ ጥቂት ጥቂት አስቀምጥ፤ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከራዲዮኑና ከቸርኬው ጌጥም ይልቅ ይህ ይቅደም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሚኒባስ ነጂዎች ልናገር። ብዙ ጊዜ አውቶሞቢሉ የነጂው አይደለም። ነጂው «ጎማው አለቀ» ብሎ ባለቤቱን ሲለምን፥ ባለቤቱ «እስከ በዓሉ ታገሥ» ይላል፤ በዓሉ ከመድረሱ በፊት ግን ያ ጎማ ስንት ነፍስ ጭኖ ስንት ጊዜ ይወርዳል! ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ አንጫን። የገቢውን ግማሽ የሚወስድ ሰው የኃላፊነቱንም ግማሽ ይውሰድ። አንተም ተሳፋሪው ከመግባትህ በፊት ጎንበስ ብለህ ጎማውን እይ። ያለቀ ሆኖ ካገኘኸው ሳትሳደብና ሳትጮኽ «ጋሼ፥ ይህ ጎማ የሚያስጉዝ አይመስለኝም፤ ሌላ እጠብቃለሁ» በል። አንድ ሰው ቢል ይሳቅበታል፤ አሥር ሰው ቢል ጎማው ይለወጣል።

ያለቀው ጎማስ ምን ይሁን? ለእርሱም በአገራችን የተከበረ ጡረታ አለው። በገበያችን ተቀድዶ በረባሶ ይሆናል፤ እረኛውም ገበሬውም ተጫምቶት እሾህና ድንጋይ ይረግጥበታል። በእግር ለሚሄድ ሰው ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ስለሆነም ጥርሱ ያለቀበትን ጎማ ወደ በረባሶ ሠሪው ላከው፤ ወደ ሊማሊሞ አትላከው።